ግፊት ሲጨምሩ ፍሰት ለምን ይቀንሳል? የአጓት ጥያቄዎቻችሁ

ሁዳዴ ሲገባ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ስለ አጓት ይሆናሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። 55 ቀን ሙሉ የከተማው የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል። ላሞቹ ግን ይታለባሉ። በሱሉልታ፣ በሰንዳፋና በሆለታ የተረፈው ወተት ወደ ቅቤ፣ ወደ አይብና ወደ ሞዛሬላ ይዞራል። ከ10 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ገደማ ጠንካራ አይብ ይወጣል። 9 ሊትር የሚጠጋው ቀሪ አጓት ነው። ወተቱ ውስጥ ከነበረው ፕሮቲን አንድ አምስተኛ ያህሉ፣ ከስኳሩም አብዛኛው ከዚህ አጓት ጋር አብሮ ይሄዳል። በወተት ሥራ ብዙ ዘመን አሳልፌአለሁ። ያ ፈሳሽ ወደ ቦይ ሲደፋ ማየት ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከመጡት ደብዳቤዎች አምስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ ቦታ ይወስዳል። የብዙዎቻችሁ ችግር እዚያ ውስጥ አለ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሱሉልታ ላይ ለፒዛ ቤቶች ሞዛሬላ እናመርታለን። በቀን ወደ 2,000 ሊትር አጓት ይወጣል። ፕሮቲኑን ለመሰብሰብ ያገለገለ የአልትራፊልትሬሽን ማሽን ገዛን። ሲጀምር ጥሩ ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግን አልፎ የሚወጣው ፈሳሽ ይቀንሳል። ልጆቹ ግፊት ይጨምራሉ። ለጥቂት ደቂቃ ይሻለዋል፣ ከዚያ ከበፊቱ ይብሳል። የሸጠልን ሰው ሜምብሬኑ አልቋል፣ ቀይሩ ይለናል። አዲስ ለማስመጣት ገንዘቡም ጊዜውም የለንም። ምን ይበጀናል?» የሱሉልታ አንባቢ

እህቴ፣ ሜምብሬኑን፣ ማለትም ቀዳዳው እጅግ ደቃቅ የሆነውን የማሽኑን ማጣሪያ፣ ገና አይቀይሩ። አሠራሩ ካልተለወጠ አዲሱም ብዙ ሳይቆይ እዚሁ ችግር ውስጥ ይገባል። ከደብዳቤዎ እንደምረዳው ጣጣው ያለው ማሽኑ ላይ ሳይሆን አነዳዱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ውስጡ የሚሆነውን ላስረዳ። አጓት 93 ከመቶ የሚሆነው ውሃ ነው። ከ4.5 እስከ 5 ከመቶ ላክቶስ አለው፣ የወተት ስኳር ማለት ነው። ፕሮቲኑ ከ0.6 እስከ 0.8 ከመቶ ብቻ ነው። የአልትራፊልትሬሽን ሜምብሬን ውሃውን፣ ላክቶሱንና ጨዉን ያሳልፋል። ፕሮቲኑንና የተረፈውን ቅባት ያስቀራል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ውሃው ባለፈ ቁጥር ፕሮቲኑ ወደ ሜምብሬኑ ፊት እየተጎተተ ይመጣል። እዚያ ይከማቻል። ሽፋን ይሠራል። ግፊት ሲጨምሩ ውሃው ለጊዜው ይፈጥናል። በዚያው ልክ ግን ብዙ ፕሮቲን እየጎተተ ያመጣል፣ ሽፋኑም ይጠቀጠቃል። አንዴ ከተጠቀጠቀ በኋላ ግፊቱን ቢቀንሱትም አይነሳም። ልጆቹ የሚያዩት «ለጥቂት ደቂቃ ይሻለዋል» የሚባለው ነገር ይኸው ነው።

ጠላ በጨርቅ ሲጠለል አይተዋል። አተላው ጨርቁ ላይ ሲከማች ባለሙያዋ በላዩ አትጫንም። በእጇ ጠረግ ጠረግ ታደርገዋለች፣ ጠላው እንደገና ይወርዳል። ማሽንዎ ውስጥ የዚያን እጅ ሥራ የሚሠራው በሜምብሬኑ ፊት ላይ አጋድሞ የሚሮጠው የአጓቱ ፍሰት ነው። ስለዚህ መጨመር ያለበት ፍጥነቱ ነው። ግፊቱ ልክ ይበጅለት።

ልኩን እንዴት ያገኙታል? ሁለቱን ጌጆች ይመልከቱ፣ መግቢያውንና መውጫውን። ለምሳሌ መግቢያው 4 ባር፣ መውጫው 2 ባር ቢል አማካዩ 3 ባር ነው። ያለፈው ፈሳሽ በነፃ የሚወርድ ከሆነ ሜምብሬኑን የሚገፋው ግፊት ይኸው 3 ባር ነው። ብዙ ኦፕሬተር መግቢያውን ብቻ ያያል፣ ስለዚህም ይሳሳታል። አሁን ንጹሕ ማሽን ላይ አዲስ አጓት ይዘው በ1 ባር ይጀምሩ። መስመር ያለበት ባልዲ ያለፈው ፈሳሽ ከሚወርድበት ቱቦ ሥር ያድርጉ። በደቂቃ ስንት ሊትር እንደወረደ ይጻፉ። በየ10 ደቂቃው ግማሽ ባር ይጨምሩ። መጀመሪያ ላይ ግፊት በጨመሩ ቁጥር ባልዲው ቶሎ ይሞላል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ግፊቱ ይጨምራል፣ ባልዲው ግን ያው ይሆናል። እዚያ ያቁሙ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ያለው የእርስዎ የሥራ ግፊት ነው። በወረቀት ጽፈው ማሽኑ ላይ ይለጥፉት። ማንም ከዚያ አሳልፎ ቫልቭ እንዳይዘጋ።

ፍጥነቱም ልክ አለው። እንደ ጥቅልል የተሠራ ሜምብሬን ከሆነ በአንድ ጥቅልል መግቢያና መውጫ መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ባር ብዙም እንዳይበልጥ። ከዚያ በላይ ከሆነ ጥቅልሉ ወደ አንድ ጎን ተገፍቶ ይወጣል። ያን ጊዜ ሻጭዎ «ቀይሩ» ያለው እውነት ይሆናል።

ወደ አጓቱ ልምጣ። እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው ጥያቄ አለ፤ አጓቱ ከአይቡ ገንዳ ወጥቶ ማሽኑ እስኪገባ ምን ሆኖ ቆየ? የሞዛሬላ አጓት ሲወጣ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ውስጡ እርሾ ያደረጋችሁት ባክቴሪያ በሕይወት አለ። ሞዛሬላ ላይ የሚገባው ባክቴሪያ ሙቀት ወዳድ ነው፣ 40 እና 45 ዲግሪ ላይ ይፋፋል። አጓቱ በርሜል ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት ተራ ሲጠብቅ ላክቶሱን ወደ አሲድ እየለወጠው ነው። ፒኤቹ፣ የኮምጣጣነት መለኪያው፣ ከ6 በላይ ተነስቶ ወደ 5 ይወርዳል፤ ቁጥሩ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል። 5.2 አካባቢ ደግሞ የአጓቱ ዋና ፕሮቲን፣ ቤታ ላክቶግሎቡሊን፣ የኤሌክትሪክ ሙሌቱን የሚያጣበት ቦታ ነው። ያን ጊዜ ቅንጣቶቹ መገፋፋት ያቆማሉ። እርስ በርስም ከሜምብሬኑም ጋር ይጣበቃሉ። ጠዋት የወጣውን አጓት ከሰዓት በኋላ የሚያጣራ ቤት ምንም ግፊት ቢያስተካክል ውሃ ወቀጣ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። አጓቱ እንደወጣ በጥሩ ወንፊት ይለፍ፣ የአይብ ፍርፋሪው ይቅር። ከዚያ በሴፓሬተር ክሬሙ ይውጣ። ክሬሙ ቅቤ ይሆንልዎታል፣ ሜምብሬኑ ላይ ከሚለጠፍ ይልቅ። ከዚያ 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሰከንድ ይለፍ፣ ባክቴሪያው ይሙት። ከዚያ ወደ 50 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ብዙ ሳይቆይ ወደ ማሽኑ ይግባ። ያን ቀን የወጣው ያን ቀን ይጣራ። ሌላ ደግሞ አለ፤ ሞዛሬላውን የምትስቡበትን የሞቀ ጨው ውሃ ከአጓቱ ጋር አታደባልቁ። ቅባትና ጨው የተሞላ ነው። በዚህ ብቻ ፍሰቱ የተመለሰለት ቤት አውቃለሁ።

ለምን 50 ዲግሪ አልኩ? ውሃ በ50 ዲግሪ ያለው ውፍረት በ10 ዲግሪ ካለው ከግማሽ በታች ነው። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ግፊት ከእጥፍ በላይ ያልፋል። ግን ሁለት ነገር ይጠብቁ። አንደኛ፣ ያገለገለው ሜምብሬን እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚችል ጽሑፉን ያንብቡ፤ ከፖሊመር የተሠሩት ብዙዎቹ ከ50 ወይም ከ55 በላይ አይፈልጉም። ሁለተኛ፣ ካልሲየም ፎስፌት ከብዙ ጨዎች በተቃራኒ ሲሞቅ ይበልጥ ይረጋል። ጨዉ ሜምብሬኑ ላይ ደርሶ ከሚረጋ አስቀድሞ ታንከሩ ውስጥ ቢረጋ ይሻላል። 50 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ታንከር ውስጥ ካቆዩት በኋላ ማጣራት ብዙ ቤት ይረዳል። ከዚያ በላይ ማቆየት ግን አልመክርም። ሙቀት ወዳዱ ባክቴሪያ ከተረፈ እዚያም ይራባል።

የሱሉልታ ሰው ከሆኑ ደግሞ ስለ ፓምፕዎ አንድ ነገር ልንገርዎት። እዚያ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ፋብሪካው ፓምፑን የሞከረው እዚያ ታች ነው። ከጉድጓድ ወይም ከዝቅተኛ ገንዳ ስቦ እንዲያነሳ ካደረጉት፣ በተለይ የሞቀ ፈሳሽ፣ ውስጡ አረፋ ይፈጥራል፣ ይንኳኳል፣ ፍሰቱ ይቆራረጣል። ታንከሩን ከፓምፑ ከፍ ያድርጉት። የመሳቢያ ቱቦው ሰፊና አጭር ይሁን።

መብራት ሲጠፋስ? ይህ በእኛ አገር የሥራው አካል ነው። ፓምፑ ሲቆም አጓቱ ሜምብሬኑ ላይ ይተኛል። ጀነሬተር ካለ መጀመሪያ የሚነሳው ለማጠቢያ ውሃ ይሁን። አጓቱን በለብታ ውሃ ገፍተው ያውጡት። ከዚያ እንደገና ሲያስነሱ የመውጫው ቫልቭ ክፍት ሆኖ ፓምፑ ይነሳ፣ ቫልቩ ቀስ እያለ ይጠበብ። መብራቱ መጣ ብሎ በሙሉ ግፊት መክፈት ሜምብሬን ይበላል።

መጨረሻ ላይ፣ ሜምብሬኑ በእርግጥ ተቀዶ ይሆን ብለው ከሠጉ የሚሠሩት ቀላል ሙከራ አለ። ያለፈውን ፈሳሽ በመስታወት ብርጭቆ ቅዱና ወደ ብርሃን ያዙት። ጥርት ያለ፣ ወደ ቢጫነትና አረንጓዴነት የሚያደላ መሆን አለበት። ያ ቀለም የቫይታሚን ቢ2 ነው፣ ጤነኛ ምልክት ነው። ከዚያ ጥቂቱን በትንሽ ድስት ያፍሉት። እናንተ ዘንድ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ለዚህ ይበቃል። ከደፈረሰ ሁለት ሦስት ጠብታ አቼቶ ይጨምሩ። ጥርት ብሎ ከተመለሰ የረጋው ጨው ነበር፣ ሜምብሬኑ ደኅና ነው። ድፍርሱ ከቀረ ወይም ከተቋጠረ ፕሮቲን እያለፈ ነው። ያኔ ስለ መቀየር እናወራለን።

«ጋሼ፣ ሰበታ አካባቢ የማጣሪያ ማሽን ኦፕሬተር ነኝ። ሁለት ዓይነት አለን፣ አልትራፊልትሬሽንና ናኖፊልትሬሽን። ኬሚካል ሲያልቅብን አለቃዬ በበረኪና እጠብ ይለኛል። ማጠቡ ራሱስ በትክክል ስንት ደረጃ አለው? አሲድና ኮስቲክ የቱ ይቅደም?» የማሽን ኦፕሬተር

ወንድሜ፣ በቅድሚያ ስለ ራስህ። በረኪናና አሲድ በምንም መንገድ አይገናኙ። ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሳንባ ያቃጥላል። በቧንቧ ውስጥ የቀረ ትንሽ በረኪና ላይ ናይትሪክ አሲድ መልቀቅም እንዲሁ ነው። ጓንትና መነጽር ያለ ጥያቄ ይኑርህ። ከሌለህ አለቃህን ጠይቅ፣ እኔ እንዳልኩት ንገረው።

በረኪና ናኖፊልትሬሽኑን፣ ቀዳዳው ከአልትራፊልትሬሽኑ የጠበበውን ማጣሪያ፣ ይገድለዋል። የእሱ ፊት አብዛኛውን ጊዜ ፖሊአማይድ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ክሎሪን ፖሊአማይድን ይበጣጥሳል። ጉዳቱ በዓይን አይታይም። የሚታወቀው ላክቶስ ማለፍ ሲጀምር ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ የሚጠገን ነገር የለም። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃም ያለ ካርቦን ማጣሪያ ለናኖፊልትሬሽን አይሰጥ። የአልትራፊልትሬሽኑ ሜምብሬን፣ በተለይ ከፖሊኢተርሰልፎን የተሠራ ከሆነ፣ የተመጠነ ክሎሪን ይችላል። ያም ቢሆን ከአልካላይን ጋር፣ አምራቹ በሚለው መጠን ነው። የሱቅ በረኪና በግምት መድፋት አይሆንም።

የማጠቡ ሂደት እንዲህ ነው። አጓቱ እንዳለቀ፣ ሳይደርቅ፣ ለብ ባለ ውሃ ጥርት እስኪል ግፋው። ከዚያ ኮስቲክ ሶዳ፣ ፒኤቹ ከ10.5 እስከ 11፣ ሙቀቱ 50 ዲግሪ፣ ለግማሽ ሰዓት አዙረው። ይህ ፕሮቲንና ቅባት ያነሳል። በውሃ እጠብ። ከዚያ አሲድ፣ ናይትሪክ ወይም ሲትሪክ፣ ፒኤቹ 2 አካባቢ፣ ለ20 ደቂቃ። ይህ ካልሲየሙን ያነሳል። እንደገና በውሃ እጠብ። ለሁሉም ሜምብሬን ገደቡ አንድ አይደለም፣ የአምራቹ ወረቀት የበላይ ነው። አጓቱ የኮመጠጠ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከእኛ አገር አይብ የወጣ፣ ካልሲየሙ ብዙ ስለሆነ አሲዱን የሚያስቀድሙ አሉ። እኔም በዚያ ጊዜ አሲድ ይቅደም እላለሁ።

ስታጥብ ግፊቱ ዝቅ፣ ፍሰቱ ፈጣን ይሁን። በከፍተኛ ግፊት ስታጥብ ቆሻሻውን ወደ ቀዳዳው ትከትተዋለህ። የምታጥብበት የጉድጓድ ውሃ ብረትና ካልሲየም ካለበት ማጠቡ ራሱ ያቆሽሻል፣ ውሃው ይመርመር።

መታጠቡን በዓይንህ አትፍረድ። ማሽኑ አዲስ ሳለ ወይም ጥሩ በታጠበ ቀን ንጹሕ ውሃ በአንድ በተወሰነ ግፊትና ሙቀት በደቂቃ ስንት ሊትር እንዳለፈ ጻፍ። ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ በዚያው ግፊትና ሙቀት ለካ። ከቁጥሩ በግልጽ ከወረደ አልታጠበም። ሙቀቱን ሳትመዘግብ የለካኸው ቁጥር ዋጋ የለውም፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሁልጊዜም ያነሰ ነው የሚያልፈው። ማሽኑ ለብዙ ቀን የሚቆም ከሆነ ደግሞ በሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ውሃ ሞልታችሁ ዝጉት። አንዴ የደረቀ ሜምብሬን አይመለስም።

«ጋሼ፣ ሆለታ አጠገብ ነው ያለሁት፣ የምግብ ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። አንዱ መጽሐፍ በቅዝቃዜ አጣሩ ይላል፣ ሌላው በሙቀት። የትኛው ልክ ነው? ሙቀቱ ፍጥነቱን ብቻ ነው የሚለውጠው ወይስ የሚወጣውንም ነገር?» ተማሪዋ

ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ አሰኘኝ። ሁለቱም ልክ ናቸው። የሚወጣውንም ይለውጣል።

ግልጹን ምሳሌ ልስጥሽ። ቅባቱ የወጣለትን ወተት ቀዳዳው 0.1 ማይክሮን በሆነ ማይክሮፊልትሬሽን አሳልፊው። 50 ዲግሪ ላይ ኬዚኑ፣ አይብ የሚሆነው የወተት ፕሮቲን፣ በሙሉ ማለት ይቻላል ይቀራል። የአጓት ፕሮቲኖቹ ያልፋሉ። ያለፈው ፈሳሽ አይብ ሳይሠራ የተገኘ አጓት ነው። ወተት የሚያረጋው ሬኔት አልነካውም፣ እርሾ አልነካውም። አሁን ያንኑ ወተት በዚያው ሜምብሬን በ5 ዲግሪ አሳልፊው። ቤታ ኬዚን ሲቀዘቅዝ ከኬዚኑ ጥቅል ተላቆ ይወጣል፣ ተላቆም ያልፋል። ስለዚህ ያለፈውም የቀረውም ሌላ ነገር ሆነ። ሜምብሬኑ አልተለወጠም። የተለወጠው ዲግሪው ነው።

ሌላው ትልቅ ጉልበት ያለው ነገር ምን ያህል ማጥበቅሽ ነው። በወረቀት ሥሪው። 100 ሊትር አጓት አለሽ። ፕሮቲን 0.7 ከመቶ፣ ላክቶስ 4.8 ከመቶ። በአልትራፊልትሬሽን 80 ሊትሩን አሳልፈሽ 20 ሊትር አስቀሪ። ፕሮቲኑ ሁሉ ቀርቷል ብለን ብናስብ አሁን 3.5 ከመቶ ነው። ላክቶሱ ግን ከውሃው ጋር ስላለፈ ያው 4.8 አካባቢ ነው። ጨዉንና ጥቂቱን ቅባት ጨምረሽ ብታደርቂው ከዱቄቱ 35 ከመቶ ወይም ትንሽ በለጥ ያለው ፕሮቲን ይሆናል። ገበያ ላይ 35 የሚባለው የአጓት ፕሮቲን እንዲህ ነው የሚመጣው። ወደ 80 ለማድረስ ግን በማጥበቅ ብቻ አይሆንም። ፈሳሹ እየወፈረ ፍሰቱ ይሞታል። ውሃ እየጨመርሽ እንደገና ታሳልፊያለሽ፣ ላክቶሱ ከጨመርሽው ውሃ ጋር ታጥቦ ይወጣል። ይህ ዲያፊልትሬሽን ይባላል። ውሃ ይበላል፣ ያለፈውንም ፈሳሽ ያበዛል። የውሃ እጥረት ባለበት ከተማ ይህ ሒሳብ ውስጥ ይግባ።

ስለ ኮምጣጣ አጓት ከጻፍሽ ናኖፊልትሬሽንን እዪ። ላክቶሱን ያስቀራል፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ክሎራይድ በከፊል ያልፋሉ። ላክቲክ አሲድም ፒኤቹ ዝቅ ባለ ቁጥር ይበልጥ ያልፋል። ፒኬኤው፣ ማለትም ግማሹ ሙሌት የሚይዝበት ፒኤች፣ 3.86 ስለሆነ ከዚያ በታች አብዛኛው ሙሌት የለውም፣ ሜምብሬኑም አይገፋውም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኮምጣጣ አጓት ሲደርቅ ማድረቂያው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው በላክቲክ አሲዱ የተነሳ ነው። ሪቨርስ ኦስሞሲስ ደግሞ ውሃ ብቻ ያወጣል። የአጓት የኦስሞቲክ ግፊት፣ ማለትም የሟሟው ነገር ውሃውን ይዞ የሚያስቀርበት ኃይል፣ ራሱ 7 ባር ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ ካልገፋሽ ምንም አያልፍም። በተግባር 30 ባርና ከዚያ በላይ ነው የሚሠሩት።

ታሪኩን ከፈለግሽ እ.ኤ.አ. በ1969 ሞብዋ፣ ሞኮና ቫሳል የተባሉ ሦስት ፈረንሳውያን ወተቱን ከአይብ ሥራው በፊት በአልትራፊልትሬሽን አጥብቆ አይብ መሥራትን አመጡ። የአጓቱ ፕሮቲን ከመጀመሪያውም አይቡ ውስጥ ይቀራል። ለነጭ የጨው አይብ በብዙ አገር ይሠራበታል። ለእኛ አይብ ማን እንደሚሞክረው አላየሁም፣ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ አስቢበት። በምትጽፊው እያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ግን ሙቀቱን፣ ግፊቱን፣ የፍሰቱን ፍጥነት፣ ፒኤቹንና ምን ያህል እንደጠበቀ አስፍሪ። እነዚህ ከሌሉ ሌላ ሰው ሊደግመው አይችልም።

«ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ። ሰንዳፋ ነኝ። አይብና ቅቤ ሸጬ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። ሰዎች አጓት ወርቅ ነው፣ ትንሽ ማሽን ግዢ ይሉኛል። እኔ ለጥጆቼና ለላሞቼ ነው የምሰጠው። እያባከንኩ ነው?» አይብ ነጋዴዋ

እትዬ፣ ምንም እያባከኑ አይደለም። ማሽን አይግዙ።

ምክንያቱን ልንገርዎት። እርስዎ አሬራውን ሞቅ አድርገው ነው አይቡን የሚያወጡት። እሳቱ 70 ዲግሪን ሲያልፍ የአጓቱ ፕሮቲን ይቋጠርና ከአይቡ ጋር ይሄዳል። ሜምብሬን ሊሰበስብ የሚመጣው ፕሮቲን እርስዎ ጋ ቀድሞ አይቡ ውስጥ ገብቷል። የቀረልዎት ኮምጣጣ፣ ስኳርና ማዕድን ያለው ውሃ ነው። ለማጣራት አስቸጋሪ፣ ለከብት ግን ደግ ነገር ነው።

አሰጣጡ ላይ ብቻ ይጠንቀቁ። የዛሬው ዛሬ ይሰጥ። በየቀኑ በሚታጠብ ገንዳ ይሁን። ያልለመደች ላም በትንሽ ትጀምር፣ በሳምንት ውስጥ ቀስ እያለ ይጨመርላት። በአንዴ ብዙ ከጠጣች ስኳሩ ሆዷ ውስጥ አሲድ ይሆናል፣ ትታመማለች፣ እበቷ ይቀጥናል። ድርቆሽ አይጉደልባት። ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ አጠገቧ ይኑር። ጥጃ ደግሞ አጓት በወተት ምትክ አይሰጠው። ቅባቱም ፕሮቲኑም ትንሽ ነው፣ ጥጃው ሆዱ ይሞላል እንጂ አያድግም። በወተቱ ላይ ተጨማሪ ከሆነ ደኅና ነው።

ዳቦ የሚጋግሩ ከሆነ በውሃው ፈንታ አጓት ይሞክሩ። የዳቦ እርሾ ላክቶስን መብላት አይችልም። ስኳሩ ስለሚተርፍ ቅርፊቱ ይበልጥ ቀላ ብሎ ይወጣል። ጎረቤትዎ ዳቦ ቤት ካለ ጀሪካኑን ይሽጡለት።

«ለገጣፎ ነው የምንኖረው። በሰፈራችን ያለ አንድ የወተት ማቀነባበሪያ ድሮ አጓት ወደ ቦይ ይለቅ ነበር። አሁን ማጣሪያ አስገብተናል፣ የሚወጣው የተጣራ ውሃ ነው ይሉናል። ሽታው ግን አልቀረም። ማንን እንመን?» የሰፈር ነዋሪዎች

አፍንጫችሁን እመኑ።

«ተጣራ» ሲሏችሁ በምን ተጣራ ብላችሁ ጠይቁ። አልትራፊልትሬሽን ከሆነ የወጣው ፕሮቲኑ ብቻ ነው። ላክቶሱ ከነሙሉ ሥልጣኑ ወደ ቦያችሁ እየሄደ ነው። ከአጓት ደረቅ ነገር ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆነው ደግሞ እሱ ነው። ጥርት ብሎ ስለሚታይ ያታልላል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያ ይበላዋል፣ ሲበላው ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ ከዚያ ይሸታል። ጥሬ አጓት በሊትር ከ30,000 እስከ 50,000 ሚሊግራም ኦክስጅን ይፈልጋል። የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ጥቂት መቶ ነው። 100 እጥፍ ልዩነት ማለት ነው። ፕሮቲኑን ማውጣት ከዚህ የሚቀንሰው ጥቂቱን ነው።

በሪቨርስ ኦስሞሲስ ያለፈ ከሆነ ያኔ ውሃ ለመባል ይቀርባል። ብዙ ፋብሪካ ይህንን መልሶ ለእጥበት ይጠቀምበታል፣ ወደ ቦይ አይደፋውም። የአልትራፊልትሬሽኑ ፈሳሽ ለከብት መኖ፣ ለባዮጋዝ ወይም ላክቶስ ለማውጣት ይሆናል። ይህንን ለፋብሪካው በቀና መንፈስ ንገሩ፤ የሚደፉት የሚሸጥ ነገር ነው።

ካልሰሙ ወረዳችሁ ላይ የአካባቢ ጥበቃ ክፍሉን በጽሑፍ ጠይቁ። የፍሳሹ የባዮሎጂና የኬሚካል ኦክስጅን ፍላጎት ይለካ በሉ፣ ፒኤቹም እንዲሁ። ናሙናው ሲወሰድ የሰፈሩ ሰው ይኑር። ናሙናው በጠዋት ብቻ አይወሰድ። ማሽኑ በሚታጠብበት ሰዓት ከቦዩ አፍ ላይ ይወሰድ፤ ኮስቲኩም፣ አሲዱም፣ የመጨረሻው አጓትም አብረው የሚወጡት ያን ጊዜ ነው። ናሙናው በበረዶ ተይዞ በዚያው ቀን ላቦራቶሪ ይድረስ፣ ካደረ ቁጥሩ ይለወጣል።